አንገቱ የረዘመው ሞተር ሳይክል

ሰኞ፣ የካቲት 3

ዛሬ አንገቱን ቆረጥኩት።

በግራይንደር፣ ብረት በሚቆርጠውና በሚልገው መሣሪያ፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ ፈጀ፤ ብልጭታው እስከ ጣሪያው ወጣ፤ ከዚያ የሻንሲው የፊት ጫፍ፣ መሪው የሚሰካበት ያ ወፍራም ቱቦ፣ እጄ ላይ ወደቀ። ቆሜ አየሁት። አጭር ንግግር ማድረግ አማረኝ፤ ሰሚ ስላልነበረ ተውኩት።

ለታሪክ ይመዝገብ፦ በምድር ቤቱ እቃ ቤት ውስጥ፣ ከአሮጌው ፍራሽና ከተበላሸው የልብስ ማጠቢያ ጎን፣ አሥራ አራት ወር ሙሉ ሞተር ሳይክል ስሠራ ቆይቻለሁ። ከሦስት የሞቱ ሞተር ሳይክሎች አንድ በሕይወት ያለ ይወጣል የሚል እምነት ነበረኝ፤ አሁንም አለኝ። ሞተሩ ከአንዱ፣ ቸርኬዎቹ ከሌላው፣ ሻንሲው ከሦስተኛው ነው። የቀረው የፊት እግሩን ወደ ፊት ዘርጋ ማድረግ ነው፤ እንደ ባለሥልጣን ተንፈላሶ እንዲቀመጥ። ለዚህ ደግሞ የመሪውን አንገት ቆርጦ፣ ትንሽ አጋድሞ፣ መልሶ መበየድ ያስፈልጋል።

ለምን? ስለሚያምር። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ደግሞም አልፈልግም።

እኔ ሃያ ሁለት ዓመት የተሽከርካሪ መርማሪ ሆኜ ኖሬአለሁ። ሥራዬ ከሰው መኪና ሥር ገብቼ፣ በእጅ ባትሪ አብርቼ፣ ወጥቼ «አይሆንም» ማለት ነው። ሹፌሮች ከጀርባዬ «ቀዩ ማህተም» ይሉኛል፤ ከፊቴ «ጌታዬ» ነው። ባለቤቴ ደግሞ የክትባት ባለሙያ ነበረች። የበረዶ ሳጥኗን ከኋላ አስራ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሞተር ሳይክል ገጠር ለገጠር ዞራለች። ከዚያ ዕድገት ተሰጣት፤ ማለትም ሞተሯን ወስደው ወንበር ሰጧት። ከዚያ ቀን ወዲህ መስኮት ላይ ዓይኗን ተክላ ታመሻለች።

ይህ ሞተር የእሷ ነው። ደግሞ እኔ መንዳት አልችልም። ይህ ምስጢር በዚህ ደብተር ብቻ ይቅር፤ ለነገሩ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

በያጁ መጣ። የአንድ ወንበር ልጆች ነን፤ ያኔ እሱ ሒሳብ ከእኔ ይገለብጥ ነበር፤ አሁን እኔ ከእሱ ብረት እለምናለሁ። ጭንብሉን አጥልቆ አንገቱን በአዲሱ ማዕዘን አቆመው፤ አንድ ጎን በየደ፣ እስኪበርድ ጠበቀ፣ ሌላውን ጎን በየደ። እኔ ዝም ብዬ እቃ አቀብል ነበር። (እሱ «ዝም ብዬ» የሚለው ቃል እውነት አይደለም ባይ ነው።)

ሲጨርስ ብየዳው በአንገቱ ዙሪያ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ወፍራም፣ ሽብሽብ ያለ፣ ልክ እንደ አባ ጨጓሬ።

«ስማ» አለኝ ጭንብሉን ወደ ላይ አንስቶ፤ «ይቺን እንዳትነካት።»

«ምን ልነካት ነው?»

«ግራይንደር እንዳታስነካት። አውቅሃለሁ እኮ። ላሳምር ትልና ትልጋታለህ። ክብደቱን የያዘችው እሷ ናት።»

«ሰውዬ፣ እኔ እኮ መርማሪ ነኝ።»

«የሚያሳስበኝ እሱ ነው» አለ። ደግሞም ከሥሩ ሦስት ማዕዘን ቁራጭ ብረት ካልተበየደበት መንገድ እንዳይወጣ፣ በሳምንቱ ወደ ጋራዡ እንዳመጣለት አስማለኝ። ማልኩለት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

አባ ጨጓሬዋ ታየኛለች። ከየትኛውም ማዕዘን። ሻማ አብርቼ፣ ቁጢጥ ብዬ፣ ከማጠቢያው ማሽን ላይ ወጥቼ አየኋት። ቱቦው ቀጥ፣ ልስልስ ብሎ ይመጣና፣ ጉሮሮው ላይ ሲደርስ ይህች ነገር። የሰርግ ልብስ ላይ እንደተጣፈ ጆንያ።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ነካኋት። ትንሽ። ጫፎቹን ብቻ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ከጫፎቹ በኋላ መሐሉ ጎበጥ ብሎ ቀረ። ጉብታው ሲስተካከል ግራው ከቀኙ በለጠ። ግራው ሲስተካከል ቀኙ ቅር አለው። ለሁለቱም ፍትሕ ስሰጥ ውዬ ማታ ላይ ጣቴን ባንሸራትት ምንም የሚይዘው የለም። እንደ እንቁላል። የቀሩ ጥቃቅን ጉድጓዶችን በስቱኮ ሞላሁ። ሦስት ማዕዘኑ ብረት ደግሞ መስመሩን ያበላሸዋል፤ ሻንሲው ወፍራም ነው፤ ይበቃዋል።

በያጁ ሲመጣ ከቀለም በታች ስለሚሆን አያየውም። ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ረቡዕ፣ የካቲት 26

ተገጣጠመ! ቀለሙ ጥልቅ ሰማያዊ ነው። ባለቤቴ ልብስ ልትሰቅል ስትወርድ አየችውና የያዘችውን ቅርጫት መሬት አስቀመጠች። ዞረችው። ኮርቻውን ዳበሰች። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ ወጣችበት፤ መሪውን ያዘች፤ ሁለት ጊዜ ወደ ታች ተጫነችው። ጀርባዋ ቀና አለ። አሥር ዓመት ከትከሻዋ ላይ ሲወርድ በዓይኔ አየሁ።

«አንተ ሰውዬ» አለች፣ «ይሄን አንተ ነህ የሠራኸው?»

«በእነዚህ እጆች» አልኩ፤ አሳየኋትም።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

በያጁን በዚያች ቅጽበት ከታሪክ ሰረዝኩት። ይቅር ይበለኝ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

የመጀመሪያው ጉዞ። ሰፈሩን ሁለት ጊዜ ዞረች፤ ጫማ ሰፊው ሥራውን አቁሞ አጨበጨበ፤ ጎረቤታችን ጡረተኛው አስተማሪ በረንዳው ላይ ሆኖ «እዚህ ሰፈር መሐንዲስ አለ ለካ!» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ፤ ደግሞ ይበለው ብዬ ተጠግቼ ቆምኩ።

እሷ ስትመለስ ጉንጯ ቀልቷል። «ልቤን መለስክልኝ» አለችኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሳትናገረኝ ስንት ዓመት ሆናት?

እሑድ፣ መጋቢት 7

አንገቱ ላይ አንዲት መስመር አለች። እዚህ ግባ የማትባል። ስቱኮው በደንብ ሳይደርቅ ቀለም ስለቀባሁበት ነው። ቀለም እንዲህ ያደርጋል።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

ቀባኋት። ጠፋች። ተገላገልኩ።

ዓርብ፣ መጋቢት 12

ዛሬ ጣቢያው አንድ ዳቦ አመላላሽ መጣ። ከሞተር ሳይክሉ ኋላ የዳቦ ሳጥን ተገጥሟል፤ ሻንሲው መገጣጠሚያ ላይ ቀለሙ ትንሽ ይለያል። በጥፍሬ ፈቀፈቅሁ፤ ስቱኮ። ከስቱኮው ሥር የተላገ ብየዳ። ከብየዳው መሐል አንዲት ጭረት።

«ጌታዬ፣ ሰባት ወር ነዳሁት፤ ምንም አልሆነ» አለኝ።

«የሚሆነው በስምንተኛው ነው» አልኩት። ተሰላፊው ሁሉ ሳቀ።

«ያው ቀለሙ ነው እኮ የተሰነጠቀው፣ ብረቱ አይደለም።»

እዚህ ላይ ነደድኩ። ድምፄ ከፍ አለ። የተላገ ብየዳ የተላጨ ጢም አይደለም፣ ተመልሶ አይበቅልም አልኩ። ብረት ሳይነግርህ አይሰበርም፣ በቀለም በኩል ይነግርሃል፣ አንተ ግን አፉን በቀለም ትዘጋበታለህ አልኩ። ልጆች አሉህ? አልኩት። ሦስት፣ አለኝ። እንግዲያው ለእነሱ ስትል እየገፋህ ሂድ ብዬ ቀዩን ማህተም መታሁ።

ፍሬን ክፍል ያለችው ባልደረባዬ «ጋሼ፣ ይሄን ንግግር ጽፈን ግድግዳ ላይ እንስቀለው» አለች። አለቃዬም ከቢሮው ብቅ ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ በአድናቆት ይመስለኛል።

ዳቦ አመላላሹ ሞተሩን እየገፋ ሲወጣ የትኩስ ዳቦ ሽታ ግቢውን ሞላው። ማንም አልሳቀም ያኔ።

እጄን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። የስቱኮ ብናኝ ከጥፍር ሥር አይወጣም።

እሑድ፣ መጋቢት 14

መስመሯ ተመልሳለች። ከድሮው ቦታዋ፤ ሰውም ቢሆን የለመደበት ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው።

በያጁም ዛሬ መጣ፤ ክፉ ነገር ብቻውን አይመጣም ልል ነበር፣ ግን እሱ ክፉ አይደለም። ሞተሩን ዞረው። አመሰገነ። ከዚያ አንገቱ ላይ ቆመ።

«አባ ጨጓሬዬ የት ሄደች?»

«ቀለሙ ሥር ናታ።»

አውራ ጣቱን አንስቶ በቱቦው ዙሪያ አንሸራተተው፤ አንዴ፣ ሁለቴ። የበያጅ ጣት ነው፤ ያያል። ባለቤቴ ሻይ ይዛ ገባች። «እንዴት ነው ታዲያ፣ ባሌ በእጁ የሠራው?» አለችው። እሱ እኔን አየኝ። እኔ ማጠቢያ ማሽኑን አየሁ።

«እጁ አርፎ አይቀመጥም» አለ። ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ። በር ላይ ግን ክንዴን ይዞ «ሰኞ አምጣልኝ። ከግማሽ ቀን በላይ አይፈጅም። ቀለሙን ግን ልጬ ነው የምሠራው፤ አባ ጨጓሬዋንም ሁለት እጥፍ ነው የማደርጋት» አለኝ።

ሰማያዊው ቀለም ሰባት እጅ ነው የተቀባው። ሰባት!

ደግሞ ምን እላታለሁ? የአንገቱን ነገር ለበያጅ ልወስደው ነው ካልኳት፣ መጀመሪያስ ማን በየደው ትላለች።

ዓርብ፣ መጋቢት 19

ሕጉ ማንኛውም ተሽከርካሪ ይመርመር ይላል። ባለቤቴ ሞተሯን እየነዳች ጣቢያችን ግቢ ገባች፤ ሥራ ቆመ። ከሒሳብ ክፍል ሳይቀር ወጡ። አለቃዬ አጨበጨበ።

«ማን ይመርምረው?» አለ አለቃዬ።

«ራሱ ነዋ!» አለች ባልደረባዬ። «ከእሱ በላይ ጨካኝ ከየት እናመጣለን?»

ሁሉም ሳቁ። ባትሪዬን ይዤ ተንበረከክሁ። ፍሬኑ ላይ አበራሁ፤ ግሩም። ጎማው ላይ አበራሁ፤ ግሩም። ሰንሰለቱ፣ መብራቱ፣ ጥሩንባው፣ ሁሉም ግሩም። አንገቱ ጋ ስደርስ የባትሪው ብርሃን ደከመ መሰለኝ። ድንጋዩ አዲስ መሆኑን መካድ አልችልም፤ ጠዋት ነው የቀየርኩት። ብቻ ደከመ መሰለኝ።

አረንጓዴውን መታሁ።

«ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አይሆንም ሲል የኖረ ሰው» አለች ባለቤቴ ለሕዝቡ፣ «እሺ ሲል ዛሬ ሰማሁት!» ጭብጨባ። እኔም እጅ ነሳሁ።

ግቢው በር ላይ ያ ዳቦ አመላላሽ ቆሞ ነበር። ሞተሩን አሠርቶ መጥቷል፤ አዲሱ ብየዳ ሳይላግ፣ ሳይቀባ፣ ወፍራም ሆኖ ይታያል። ተራው ሲደርስ ለሌላ መርማሪ አሳለፍኩት። ዓይን ዓይኔን ያየኝ መሰለኝና ነው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 23

አዋላጇ ደወለች። በገጠሩ ጤና ጣቢያ የባለቤቴ የሥራ ጓደኛ የነበረች ሴት ናት። ታማለች፤ ድምጿ በስልኩ ውስጥ እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። «መጥተሽ እዪኝ። ደግሞ በሞተር እንድትመጪ፤ ያ ድምፅ ከሩቅ ሲመጣ ልስማው» አለቻት።

ባለቤቴ ቅዳሜ እሄዳለሁ አለች። መንገዱ የግማሽ ቀን ነው። መጨረሻው ቁልቁለት ነው፤ ጠመዝማዛ፣ ድንጋያማ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የወረደችበት ስለሆነ እንደ ቤቷ ደረጃ ነው የምታወራው። «እዚያ ጋ ፍሬን ስትይዝ የሞተሩ ክብደት ሁሉ አንገቱ ላይ ነው የሚመጣው» አለችኝ እየሳቀች፤ ለእኔ ለማስረዳት፣ መንዳት ስለማልችል።

ገባኝ፤ ገባኝ አልኳት።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 27

ካንዴላው፣ ለሞተሩ እሳት የሚሰጠው፣ ጠፋ። ሞተሩ አልነሳም አለ።

የት እንደጠፋ አውቃለሁ፤ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው።

«አይጥ ይሆናል» አልኩ።

«አይጥ ካንዴላ ይበላል?»

«ዘመኑ ከፍቷላ።»

ትክ ብላ አየችኝ። ልብሷን ለብሳ ሱቅ ለሱቅ ዞራ እስክትገዛ ቀኑ ተገባደደ። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተላለፈ። ለአዋላጇ ስትደውል ከአዋላጇ ሳል በቀር የምሰማው አልነበረም።

አንድ ሳምንት አገኘሁ። በዚህ ሳምንት ወይ እነግራታለሁ፣ ወይ በያጁ ጋ እወስደዋለሁ። ሁለቱም ቀላል ናቸው።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 4

ሁለቱንም አላደረግሁም። በዚህ ሳምንት ጣቢያው ላይ ሥራ በዝቶ ነበር። (አልነበረም።)

ጠዋት ሁለቱም ጎማዎች ተንፍሰዋል። ባለቤቴ ጎንበስ ብላ የጎማውን ክዳን አየች፤ ቀና አለች፤ እጄን አየች። ጥቁር ነበር።

«ንገረኝ» አለች በዝግታ። «እንዳልሄድ ነው የምትፈልገው?»

«ለደህንነትሽ...» ብዬ ጀመርኩ።

ፊቷ ተለወጠ። እንዲህ ስትሆን አይቻት አላውቅም።

«እነሱም ያሉኝ እሱን ነው። ወንበሩን ሲሰጡኝ። ዕድሜሽ ገፍቷል፣ መንገዱ ከባድ ነው፣ ለደህንነትሽ ነው። ቁልፌን ተቀበሉኝና አጨበጨቡልኝ። አንተ ከእነሱ ትለያለህ ብዬ ነበር። ደግሞ ሠርተህ ሰጥተኸኝ!»

«ሞተሩ...»

«ሞተሩ ምን ሆነ? በገዛ እጅህ የሠራኸው፣ በገዛ እጅህ ማህተም የመታህበት ሞተር ምን ሆነ?»

ያኔ ነበር ሰዓቱ። ስድስት ቃል ይበቃ ነበር፤ አሁን ቆጥሬ አይቼዋለሁ። እኔ ግን «ምንም አልሆነ፤ የናፍቆት ነገር ነው» አልኳት። ናፍቆት! በዚህ ዕድሜዬ! እሷም ቀስ በቀስ ፈገግ አለች፤ አመነችኝ፤ ግንባሬን ሳመችኝ።

ጎማዎቹን እኔው ነፋኋቸው።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 7

እራት ላይ፦

«አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር።»

«ንገረኝ።»

«ስለ ሞተሩ።»

«እ?»

«ጥሩንባው ትንሽ ይጮሃል።»

ራሴን በጥፊ ብመታው ደስ ይለኝ ነበር፤ ጠረጴዛ ላይ ስለሆንን አልሆነም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9

በአፌ እንደማልችል ከታወቀ በጽሑፍ ይሁን አልኩ። በጽሑፍ ሰው አያፍርም። ከጣቢያው አንድ የእገዳ ቅጽ አምጥቼ በጥንቃቄ ሞላሁት። የተሽከርካሪው ዓይነት፦ ሞተር ሳይክል። ቀለም፦ ሰማያዊ። ጉድለት፦ የመሪው አንገት ብየዳ ተልጎ በስቱኮ ተሸፍኗል፤ ማጠናከሪያ የለውም፤ ስንጥቅ ይታያል። ውሳኔ፦ ከመንገድ ይታገድ። ቀዩን ማህተም መታሁበት፤ ፈረምኩ። ሁለት ወር ሙሉ በዚህ ደብተር ውስጥ ያልጻፍኩት አንድ ቃል ነበር፤ እዚያ ቅጽ ላይ ጻፍኩት፦ ስንጥቅ። መሪው ላይ አንጠልጥዬው ወጣሁ።

በረንዳው ላይ ሆኜ ወደ እቃ ቤት ስትገባ ሰማሁ። ወረቀቱ ከመሪው ሲላቀቅ ተንኮሻኮሸ።

ከዚያ ሳቋ መጣ። ያ ከሆዷ የሚወጣው፣ ያገባኋት ጊዜ የነበረው። ለታናሽ እህቷ ደውላ በሙሉ አነበበችላት፤ «ስንጥቅ ይታያል» የሚለው ጋ ስትደርስ በእኔ ድምፅ ነው ያነበበችው፤ ታናሿም በስልኩ ውስጥ ስትንከተከት ተሰማኝ።

ደረጃውን ወጥታ መጣች፤ ዓይኗን እየጠራረገች።

«ቀልድ አይደለም» አልኳት።

እንዲህ ነው ያልኳት፤ በትክክል እነዚህን ቃላት። ግን ራሴን አውቃለሁ፤ ቅንድቤን አንስቼ ነው ያልኩት። ሠላሳ ዓመት ቁም ነገርን በቀልድ ድምፅ፣ ቀልድን በቁም ነገር ድምፅ ስናገር ኖሬ ዛሬ ሌላ ድምፅ ፈልጌ አጣሁ።

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፣ ጌታዬ» አለችኝ። «ሰው በእንዲህ ያለ ወረቀት ይቅርታ ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም። እኔ እኮ የወደድኩህ በዚህ ነው።» ቅጹን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ለአዋላጇ ልታነብላት፤ ሳቅ መድኃኒት ነው ብላ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 10

ታናሿ መጣች፤ ሻንጣ ይዛ። ፀጉር ቤት አላት፤ ነገ ዘግታ ከኋላ ተፈናጥጣ ትሄዳለች።

«ጋሼ፣ የታገደ ተሽከርካሪ ላይ ልወጣ ነው፤ ታስረኛለህ?» አለችኝ አቅፋኝ።

«ሁለት ሰው ከባድ ነው» አልኩ።

«ወፈርሽ እያለኝ ነው! እህቴ፣ ስሚው!»

ማታ ወርጄ አየሁት። መስመሯ ረዝማለች፤ ቱቦውን ከግማሽ በላይ ዞራዋለች። የቀለም ብሩሹን አንዲት ጠጉር ነቅዬ ወደ መስመሯ አስጠጋሁ። ገባች። አወጣኋት፤ መልሼ አስገባኋት። እንደዚያ ቁጢጥ እንዳልኩ ስንት ጊዜ እንዳደረግሁት አላውቅም።

በያጁ ጋ ደወልኩ። «አሁን ልምጣ?» አለኝ፤ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠኝ። እነሱ ከላይ ይስቃሉ። እቃ ቤት ውስጥ በዚህ ሰዓት የብየዳ ብርሃን ሲንቦገቦግ ታየኝ፤ ሰማያዊው ቀለም ሲቃጠል፤ ባለቤቴ ደረጃው ላይ ቆማ ስታይ፤ ጡረተኛው አስተማሪ ከበረንዳው ሲመለከት።

«አይ፣ ሰኞ» አልኩት።

«ሰኞ ማለት...»

«ሰኞ።»

ከዚያ ቀባሁት። ምን ላድርግ፤ ብሩሹ እጄ ላይ ነበር።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 11

ጠዋት። ቆሜ ነው የምጽፈው። ጓንትሽን ላምጣልሽ ብዬ ወደ ላይ ወጣሁ። ጓንቱ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ደብተሩም አጠገቡ ነበር። መስኮቱ ወደ ግቢው ነው፤ ይታዩኛል። ታናሿ የራስ ቁሩን አጥልቃ ስልኳ ላይ ፊቷን ታያለች። ባለቤቴ ሻንጣውን እያሰረች ነው፤ የበረዶ ሳጥን ታስርበት በነበረው ቋጠሮ።

ይህን ዓረፍተ ነገር ጨርሼ ወርጄ እነግራታለሁ። በቁም ነገር። ቅንድቤን በእጄ ይዤም ቢሆን።

የመጀመሪያው ቃል ነው የሚቸግረው። «አንቺዬ፣ አንድ ስህተት ሠርቻለሁ።» ይህ ልክ ስለ ባትሪ ድንጋይ የማወራ ያስመስላል። «ሞተሩ ይሰበራል።» በጣም ደረቅ ነው፤ ደግሞ ሳቅ ያመጣል። «ብየዳውን የበየድኩት እኔ አይደለሁም፤ የላግሁት ግን እኔ ነኝ።» ይህ ይሻላል። ይህ እንዲያውም ጥሩ ነው። ሁለቱ ጎኖቹ ሚዛን አላቸው። «የላግሁት» ከማለት «ያበላሸሁት» ቢሆንስ?

«ጋሼ! ጓንቱ ተገኘ?» አለች ታናሿ።

«መጣሁ!» አልኩ በመስኮቱ።

«ያበላሸሁት» ይሻላል። በእሱ እጀምራለሁ፤ ከዚያ ስለ ቁልቁለቱ፤ ከዚያ ይቅርታ። መጨረሻው ላይ ቀልድ አላስገባም።

«ተወው፣ ያለ ጓንት እሄዳለሁ!» አለች ባለቤቴ። «ፀሐይ ነው!»

የግቢው በር መቀርቀሪያ ሲከፈት ይሰማል።

ልወርድ ነው። ይቺን ብቻ።

ተነሳ። በአንድ እግር ምት ተነሳ! አንዴ እንኳ አላሳለም። እግዚኦ፣ ምን ዓይነት ድምፅ ነው፤ ወፍራም፣ የጠገበ፣ ምንም የማይንኳኳበት። መስኮቱ ራሱ ተንቀጠቀጠ። ጡረተኛው አስተማሪ ለማየት ወደ በረንዳው ወጥቷል። ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝና እጇን አነሳች፤ እኔም አነሳሁ፤ ጓንቱ እጄ ላይ ነው። ታናሿ ወገቧን አቀፈቻት።

ወጡ። መንገዱ መጨረሻ ላይ ታጠፉ። አሁን አይታዩም፤ ድምፁ ግን እዚህ ድረስ ጥርት ብሎ ይመጣል። ማርሽ ለወጠች። ሌላ ማርሽ። እንዲህ ያለ ድምፅ በዚህ ሰፈር አንድም ሰው የለውም።

እስካሁን ይሰማል።